ጃኬቱን ስትገዙ ትንፋሹንም ግዙ

ጅማ፣ ግንቦት ወር

ይድረስ፦ በጅማ ከተማና በጅማ ዞን ጀልባ ለምታሰማሩ፣ ለምትቆጣጠሩ፣ ለጀልባ ሥራም ዕቃ ለምትገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ማኅበራትና ረጂ ድርጅቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በጋዝ የሚነፋ የሕይወት አድን ጃኬት ስለሚያዝበትና ከተነፋ በኋላ ለሥራ ዳግም ስለሚዘጋጅበት ሁኔታ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጅማ ውስጥ የእሳት ማጥፊያ እየመረመርኩ፣ የውሃ ፓምፕ እየጠገንኩ ቤተሰቤን የማስተዳድር ባለሙያ ነኝ። ዋናተኛም የጀልባ ሰውም አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእጄ ፈትቼ ያየሁትን ነገር ይዤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ ክረምቱም ደጃፍ ላይ ነው። ሰኔ ሲገባ የግዢ ጥያቄ ሁሉ እንደሚጣደፍ ታውቃላችሁ። ከጥድፊያው በፊት ደብዳቤዬ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢደርስልኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ፓምፕ ልጠግን ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ወርጄ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ፣ ከእኔ አርባ እርምጃ ያህል ርቀው ወጣቶች በአንዲት ጀልባ ዙሪያ ይለማመዳሉ። አንደኛው፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ አዲስ የሚመስል ቀይ ጃኬት ለበሰ፤ ዘለበቱን ቆለፈ፤ ማሰሪያውን ወገቡ ላይ ጠበቅ አደረገና ዘለለ። ከውሃው ብቅ እንዳለ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ጎተተ። ጆሮዬ የለመደውን ድምፅ ጠበቀ፤ የታመቀ ጋዝ ሲለቀቅ እንዴት እንደሚጮህ በሥራዬ አውቀዋለሁና። የመጣችው ግን "ጠቅ" የምትል የብረት ድምፅ ብቻ ናት። ደግሞ ጎተተ። ጠቅ። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሦስተኛውን ሲጎትት ሳቁ ቆመ። ልጁ ዋና ይችል ስለነበር፣ ገመድም ስለወረወሩለት፣ በሰላም ወጣ። ጫማዬን ሳላወልቅ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ስቤው ነበር እኮ፤ ሦስት ጊዜ ነው የሳብኩት" አለኝ። ገመዱን ገና አልለቀቀውም ነበር።

ጃኬቱን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ዘርግቼ ሽፋኑን ከፈትኩት። ሲሊንደሩን በጣቴ አሽከርክሬ አወጣሁና አፉን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። መሃሉ ላይ ጠርዟ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ የወፍራም መርፌ ውጋት የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ሲሊንደሩ ከዚያ ቀን በፊት ተበስቶ ነበር ማለት ነው። የቡድኑ መሪ ነገሩን ሲያስታውስ ፊቱ ተለዋወጠ። ጃኬቶቹን የተረከቡት ከዓመት በፊት ነው። በርክክቡ ቀን እንግዶች አሠራራቸውን ማየት ፈለጉ፤ አምስቱ ተነፉ፤ ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ አየሩ ወጥቶላቸው፣ በሥርዓት ተጣጥፈው፣ ከሌሎቹ ጋር ወደ መደርደሪያ ተመለሱ። ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሠራና ከተበሳ በኋላ ባዶ ብረት እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ማንንም ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ ያስረከበውንም የተረከበውንም ስም አልጠራም። ሁሉም ወገን በጎ አስቦ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ በጎ ሐሳብ፣ በቂ ገንዘብና ደስ የሚል ርክክብ ተባብረው አንድን ልጅ ባዶ ጨርቅ አልብሰው ውሃ ውስጥ መክተታቸው ነው።

ጅማ የባሕር አገር አይደለችም፣ ይህ የሌላ አገር ሥጋት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ግድብ ነው፤ ከኋላው የተኛው ውሃም የሰኮሩ፣ የኦሞ ናዳ፣ የጢሮ አፈታና የቀርሳ ወረዳ ሰዎች ጎረቤት ሆኗል። ዓሣ የሚያሰግረው፣ ማዶ ላለው ዘመዱ ለቅሶ የሚሻገረው፣ ለጥናት የሚሄደው ሁሉ በዚያ ውሃ ላይ ይውላል። ከዚህ ሰው ብዙው ያደገው ከወንዝ ጋር እንጂ ከሐይቅ ጋር አይደለም።

ለማያውቁት አሠራሩን ላስረዳ። በጋዝ የሚነፋ ጃኬት የእሳት ማጥፊያ የቅርብ ዘመድ ነው። ከላይ የሚታየው ጨርቅ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ የታጠፈ ፊኛ አለ፤ ከፊኛው ጋር ማስነሻ ተያይዟል፤ ማስነሻው ላይ ደግሞ ከጣት ወፈር ያለ ሲሊንደር በጥርሱ ተጠምዷል። በብዙዎቹ ባለ 150 ኒውተን የአዋቂ ጃኬቶች ሲሊንደሩ 33 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ገመዱ ሲጎተት፣ ወይም ማስነሻው ውሃ ሲነካው፣ ሹል ብረት የሲሊንደሩን ስስ ክዳን ይበሳል፤ ጋዙም በጥቂት ሰከንዶች ፊኛውን ይሞላዋል። 33 ግራም ጋዝ ሲለቀቅ 18 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ እንደ እኛ ባለ ከፍታ፣ አየሩ ስስ በሆነበት አገር፣ ከዚያም ሰፋ ይላል። 150 ኒውተን ማለት ሰውን በ15 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ላይ ማንሣት ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከውሃ በላይ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ኃይል ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የተረፈው ራሱን የሳተን ሰው ገልብጦ ፊቱን ወደ ሰማይ ለማዞር ነው። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች 33 ግራም ላይ ነው።

ወጣቶቹ ፈቅደውልኝ፣ እኔም ፈርሜ፣ 24ቱንም ጃኬቶች በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ወደ ከተማ ይዤ መጣሁ። የእኔ ሚዛን የእሳት ማጥፊያ መመዘኛ ስለሆነ ግራም አይለይም። ስለዚህ ሂርማታ አካባቢ ወርቅ የሚሠራ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። እያንዳንዱ ሲሊንደር አካሉ ላይ ሊኖረው የሚገባው ክብደት ታትሞበታል። መመዘን ነው፤ ከታተመው ጋር ማስተያየት ነው፤ ከጎደለ ማስወገድ ነው። ወዳጄ የቀለበትና የጉትቻ መመዘኛውን በጨርቅ ጠርጎ አዘጋጀ፤ አንድ በአንድ አስቀመጥንበት። የተበሱት አምስቱ ከታተመባቸው 33 ግራም ያህል ጎደሉ፤ እነዚህን ስንጠብቃቸው ነበር። ያስደነገጠን ስድስተኛው ነው። አፉ አልተበሳም፤ አካሉ ያብረቀርቃል፤ ዝገት የለበትም። ከታተመበት ግን 9 ግራም ቀለለ። ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ሲያፈስ ኖሯል። ዓይን አይለየውም፤ እጅም አይለየውም። ወዳጄ የሚዛኑን ቁጥር እያየ "ይህ እኮ የሁለት ቀለበት ክብደት ነው" አለና ዝም አለ። በእርሱ ሙያ 9 ግራም የሚጠፋበት ሰው ሱቁን ይዘጋል።

ሌሎች ሰባት ደግሞ ክብደታቸው ሙሉ ሆኖ ጥርሳቸው ላልቷል። ሞተር ሲያንቀጠቅጥ ቡሎን እንደሚላላው ሁሉ ሲሊንደርም ይላላል። የላላ ሲሊንደር ዘንድ ሹሉ ብረት ላይደርስ ይችላል፤ ቢደርስና ቢበሳውም ጋዙ ወደ ፊኛው መግባቱ ቀርቶ በጥርሱ በኩል ወደ ውጪ ያመልጣል። ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አያስፈልግም። ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት ሲሊንደሩን ጨብጦ ወደ ቀኝ ማጥበቅ በቂ ነው፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሰባት ሰው በዚያች አሥር ሰከንድ ጉድለት ሊሞት ይችል ነበር።

የችግሩን ሥር ያገኘሁት ግን ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ጃኬቶቹ ሲመጡ በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል፤ ሲታደሉ በሞዴል 22 ወጪ ሆነዋል። መዝገቡ "የሕይወት አድን ጃኬት፣ ብዛት 24" ይላል፤ የተመዘገቡትም በቋሚ ንብረትነት ነው። ንብረት ሠራተኛዋ በየዓመቱ ትቆጥራለች፤ 24 ናቸው፤ ቆጠራው ልክ ነው። እርሷ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ነገር ግን በጃኬቱ ሆድ ውስጥ ያሉት ሲሊንደርና ውሃ ሲነካው ሟሙቶ ማስነሻውን የሚያስነሣው ክኒን እንደ ወረቀት፣ እንደ ሞተር ዘይት አላቂ ዕቃ ናቸው። ቋሚው ንብረት ውስጥ አላቂ ዕቃ ተሸሽጓል፤ መዝገባችን ደግሞ ይህን የሚያሳይ ዓምድ የለውም። ዓምድ ስለሌለው በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ስላልተያዘለት አይገዛም። ለመኪና ዘይት ሳይያዝ ያለፈ ዓመት አለ? የመኪናውን ዘይት ማንም የማይረሳው መኪናው በመንገድ ላይ ቆሞ ስለሚያሳጣን ነው። ጃኬት ግን ውሃ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ለማንም አቤት አይልም።

የሚሟሟው ክኒን ነገር በተለይ ለእኛ ለጅማ ሰዎች አሳሳቢ ነው። በራሳቸው የሚነፉት ጃኬቶች ገመድ እስኪጎተት አይጠብቁም። በብዙዎቹ ውስጥ የተወጠረ ሞላ አለ፤ ሞላውን አፍኖ የያዘው ደግሞ ውሃ ሲነካው የሚፈርስ ክኒን ወይም የተጠቀጠቀ ወረቀት ነው። እርሱ ሲፈርስ ሞላው ይለቀቃል፤ ሹሉ ብረት ሲሊንደሩን ይበሳል። ክኒኑ ግን የሐይቅን ውሃ ከጅማ ክረምት እርጥበት ለይቶ አያውቅም። ቡና እርጥበት እንዳይገባበት በስንት ጥንቃቄ የምንይዝ ሰዎች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው በሚያልበው መጋዘን ውስጥ ጃኬት ሲሚንቶ ላይ ቆልለን እንከርማለን። አንድ አረጋዊ ዘበኛ እንዳጫወቱኝ፣ አንድ ሌሊት ከመጋዘኑ ውስጥ ጩኸት ሰምተው ሌባ ነው ብለው ሰው ቀሰቀሱ። ሲከፈት ጃኬት በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ተነፍቶ ካርቶኑን ቀዶታል። በነጋታው አየሩ ወጣለትና ተጣጥፎ ቦታው ገባ። ያንንም ጃኬት አንድ ቀን አንድ ሰው አምኖ ይለብሰዋል።

ክኒኑ ላይ ቀን ታትሞበታል። በብዙዎቹ ዘንድ ዕድሜው 3 ዓመት ነው፤ በደረቅ ቦታ ሲቀመጥ ማለት ነው። ክኒን ሳይኖራቸው በውሃ ግፊት የሚነሡ ማስነሻዎችም አሉ፤ እነዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ውስጥ ሲገቡ ነው የሚከፈቱት፤ ዝናብና እርጥበት አያታልላቸውም፤ የመቀየሪያ ጊዜያቸውም 5 ዓመት ነው። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ለእኛ አየር ግን የሚሻሉት እነርሱ ይመስሉኛል፤ በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ስታዩ ይህን አስቡልኝ። የትኛውንም ብትገዙ ማስቀመጫው አንድ ነው፦ በሰፊ መስቀያ ተሰቅሎ፣ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት፣ ፀሐይ፣ ነዳጅና አይጥ በማይደርሱበት።

ዳግም ማዘጋጀቱ ከባድ አይደለም። ለወጣቶቹ አንድ ቀን አሳየኋቸው፤ በማግስቱ እነርሱ ለእኔ አሳዩኝ። መጀመሪያ ባዶው ሲሊንደርና የፈረሰው ክኒን ይወጣሉ፤ ፊኛው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ያልተነፋውንም ጃኬት ሲሊንደሩንና ክኒኑን ሳያወጣ የሚያጥብ ሰው እጁ ላይ ያፈነዳዋል። ቀጥሎ ፊኛው በአፍ መንፊያው ቱቦ ወይም በትንሽ ፓምፕ እስኪወጠር ይነፋና ለ24 ሰዓት ይተዋል። ከሰዓት ተነፍቶ ሌሊት ቢዳሰስ ለስለስ ብሎ ይገኛል፤ የጅማ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ እንጂ ስላፈሰሰ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ነው መታየት ያለበት። ያኔም ከለሰለሰ የሳሙና ውሃ እየቀቡ አረፋ የሚወጣበትን መፈለግ ነው። ፊኛው ራሱ ካፈሰሰ የዚያ ጃኬት ዘመን አበቃ፤ እንደ ብስክሌት ጎማ አይለጠፍም።

አየሩን ለማስወጣት የቱቦው ክዳን ተገልብጦ ቫልቩን ይጫናል፤ ፊኛውም በክንድ እየተጫኑት ባዶ ይሆናል። እዚህ ላይ ክዳኑን እንደተገለበጠ ትተው ያጠፉትን አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ጃኬት ተነፍቶ ሳለ በዚያው ቀዳዳ ይሟሽሻል። ክዳኑ ከተስተካከለ በኋላ አዲሱ ክኒን ይገባል። የገመዱ ዘንግ ወደ ቦታው ይመለስና ትንሿ የፕላስቲክ መቆለፊያ ትገጠማለች፤ ማስነሻው ላይ አረንጓዴ ምልክት መታየቱም ይረጋገጣል። ሲሊንደሩ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አደራ። ሞላው ተለቆ ሳለ ሲሊንደር የሚያጠብቅ ሰው አዲሱን ሲሊንደር በገዛ እጁ ይበሳዋል። ማጥበቁም በእጅ ብቻ ነው፤ ፒንሳ ጎሚኒውንና ጥርሱን ያበላሻል። አስተጣጠፉ በአምራቹ ሥዕል መሠረት ሆኖ፣ የሚጎተተው ገመድ ውጪ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ገመዱ ከውስጥ የታጠፈበት ጃኬትም ከ24ቱ መካከል አግኝቻለሁ። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው በጨለማ ምኑን ይጎትታል?

ስፌቱ፣ ዘለበቱ፣ ፊሽካውና የሚያንጸባርቀው ጨርቅ አብረው ይታያሉ፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

ከአገር ልጆች ጋር አንድ ነገር በግልጽ ልነጋገር። ጅማ ውስጥ የማይጠገን ዕቃ የለም ብለን የምንኮራ ሰዎች ነን፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። የተበሱትን ሲሊንደሮች በብየዳ ድፈንልን፣ ጋዝ ሙላልን ያሉኝ ሰዎች አሉ። ጋዙም መሙያውም አለኝ። እምቢ ብያለሁ፤ እናንተም ማንንም እንዳታሠሩ እለምናችኋለሁ። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ተደጋግሞ እንዲሞላ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህኛው አንድ ጊዜ ተሞልቶ በፋብሪካ የታሸገ ነው። ብየዳ ያወፈረውን ክዳን ሹሉ ብረት ላይበሳው ይችላል፤ ብየዳ ያሳሳው ደግሞ በሰው አንገት ሥር ሊፈነዳ ይችላል። እንዲሁም "ይገባለታል" ተብሎ የሌላ ጃኬት ሲሊንደር አይገጠምም። 24 ግራም የያዘ ሲሊንደር ለ33 ግራም የተሠራውን ፊኛ አይሞላውም፤ 60 ግራም የያዘው ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይወጥረዋል።

ጣሪያ ስላላቸው ጀልባዎችም ላንሣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ነዳጁ ያለቀበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ያሳረፉበትን ቀን የማያስታውስ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው የለም። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ። ከሞቱት መካከል ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ይገኙበታል፤ ውሃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሥቶ ይዟቸዋል፤ ጠልቀው በበሩ መውጣት አልቻሉም። አውሮፕላን ላይ ሁሌ "ከወጣችሁ በኋላ ንፉ" የሚባለው ለዚህ ነው። ታዲያ ግድግዳና ጣሪያ ባለው ጀልባ ውስጥ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋ ጃኬት ማልበስ ያንኑ አደጋ መጋበዝ ነው። ለእንዲህ ያለ ጀልባ አይግዙ።

ለአብዛኛው ተሳፋሪማ ከነጭራሹ በጋዝ የሚነፋው አይሆንም ባይ ነኝ። ዋና ለማይችል ሰው፣ ለሕፃናት፣ ለአንድ ጊዜ ለሚሻገር እንግዳ የሚሻለው አረፋ የተሞላው ወፍራሙ ጃኬት ነው። እርሱ ሲሊንደር አይፈልግም፤ የሚጎተት ገመድ የለውም፤ ሰውየው በድንጋጤ እጁ ቢያጥር እንኳ ያነሣዋል። የአዋቂው የጋዝ ጃኬት የተለካው ከ40 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው እንደሆነም አይዘንጋ። እናቶች በቀሚስ ስለሚሳፈሩ በእግር መሃል የሚያልፈውን ማሰሪያ ማሰር ያፍራሉ፤ ካልታሰረ ደግሞ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ፊታቸውን ይሸፍናል። በጎንና በወገብ በኩል ጠብቆ የሚታሰር የአረፋ ጃኬት ይህን ያቃልላል። ታዲያ የጋዙ ለማን ነው ብትሉ፣ ቀኑን ሙሉ መረብ ለሚጎትተው አስጋሪና ለጀልባ ነጂው ነው። አስጋሪ ወፍራም ጃኬት ለብሶ መረብ አይጎትትም፤ ሞቀኝ ብሎ ያወልቀዋል። ቀጭኑን የጋዝ ጃኬት ግን ከልብሱ በላይ አድርጎት ይውላል። ከልብሱ በላይ ማለቴ ይሰመርበት። ጠዋት ብርድ ነው ብሎ በላዩ ካፖርት የደረበ ሰው፣ ጃኬቱ ሲነፋ ደረቱን ጨምቆ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። በዚህ ሰኔም ሆነ በሐምሌ በሚጀምረው በጀት በጋዝ የሚነፋ ጃኬት ስትገዙ፣ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ለእያንዳንዱ ጃኬት ቢያንስ አንድ መለዋወጫ ሲሊንደርና አንድ ክኒን ከዚያው አምራች፣ ለዚያው ሞዴል፣ አብሮ እንዲቀርብ ጻፉ። ለማሳያና ለልምምድ የሚተኮሱት ከዚህ ውጪ ይቆጠሩ። በዞኑ ያላችሁ ሁሉ ተመካክራችሁ አንድ ዓይነት ብትመርጡ ደግሞ አንዱ ሲያልቅበት ከሌላው ይበደራል፤ አሁን እንዳለው የሦስት አምራች ዕቃ ካለ ሦስት ዓይነት መለዋወጫ ማከማቸት ግድ ነው። ኋላ በሰው እናስመጣለን የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። የታመቀ ጋዝ በአውሮፕላን አደገኛ ጭነት ነው፤ መንገደኛ ከጃኬቱ ጋር ጥቂት ሲሊንደር መያዝ የሚችለው አየር መንገዱ አስቀድሞ ሲፈቅድለት ነው። በጂቡቲ በኩል በመርከብ ሲመጣ ደግሞ ወራት አሉት። መለዋወጫ የሚታዘዘው ከጃኬቱ ጋር እንጂ ሲሊንደር ካለቀ በኋላ አይደለም።

መዝገቡን በሚመለከት፣ ንብረት ክፍሎች ለእያንዳንዱ ጃኬት ቁጥር ስጡትና በእሳት ማጥፊያ አንገት ላይ እንደሚንጠለጠለው ያለ ካርድ ይኑረው። ካርዱ ላይ ሲሊንደሩ የተመዘነበት ቀንና ክብደት፣ የክኒኑ ማብቂያ፣ ፊኛው የተፈተነበት ቀን፣ የፈተነው ሰው ፊርማ ይጻፍ። ካርዱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ ከፋብሪካ የመጣውን ማብራሪያ በሐይቁ ዳር ማን ያነበዋል? ሲሊንደሩንና ክኒኑን በአላቂ ዕቃ መዝገብ አስገቧቸው፤ ያኔ በጀት የሚጠይቅላቸው ሰው ይኖራል። በየጀልባው ጣቢያ አንድ ኃላፊ በደብዳቤ ይመደብ። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም እንዳልሆነ በየቢሮአችን የምናየው ነው።

እኔ በበኩሌ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ጃኬት ያለው መሥሪያ ቤትም ሆነ ማኅበር ቢጠራኝ መጥቼ እመዝናለሁ፤ ሁለት ሰውም አሠለጥናለሁ። የጉልበት ዋጋ አልጠይቅም። ወርቅ ሠሪው ወዳጄም ሚዛኑን ያውሰኛል።

ገመዱን ሦስት ጊዜ የጎተተው ልጅ ዛሬ የማኅበሩ የጃኬት ኃላፊ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሁሉንም ያጠብቃል፤ ካርዳቸውን ይሞላል። ባዶዎቹን አምስቱንና ያን 9 ግራም የጎደለውን ስድስተኛውን ለብቻቸው ሰቅሎ፣ ማንም ተሳስቶ እንዳይለብሳቸው ማሰሪያቸው ላይ ቀይ ክር ቋጥሮባቸዋል። ባገኘኝ ቁጥር "ጋሼ፣ ስድስቱ ሲሊንደር መቼ ይመጣል?" ይለኛል። እኔ መልስ የለኝም። ጥያቄውን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ፤ መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የእሳት ማጥፊያና የውሃ ፓምፕ ባለሙያ
ጅማ